ከዚራን በቀትር አትቁጠሩት

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር
ግልባጭ፦ ከዚራ ዛፍ ሥር ወንበር ላላችሁ ሁሉ

ክቡራን፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ልጆች ከዚራ፣ የድሬዳዋው የድሮ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ውስጥ ካለው ሱቄ መጡ። ታብሌት ይዘዋል፤ አንገታቸው ላይ ባጅ አንጠልጥለዋል። ጥናት ነው አሉ። መሐል ከተማውን ለማነቃቃት ነው አሉ። ወሩ ሰኔ ነው፣ ሰዓቱ ከቀኑ 7 ተኩል። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሽርጤን አገልድሜ፣ ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ ጋደም ብያለሁ። አንደኛው ልጅ ላቡን እየጠረገ "በቀን ስንት ደንበኛ ይመጣል?" አለኝ። "አሁንማ ማን ይመጣል?" አልኩት። ጻፈ። "10 ሰዓት ላይ ተመለሱ፣ ያኔ ታያላችሁ" ስላቸው ፈገግ አሉ። መኪናቸው ሞተሩን ሳያጠፋ ውጭ ይጠብቃቸው ነበር። አልተመለሱም።

ውጤቱን በኋላ አንድ ስብሰባ ላይ አየሁት። ማን እንዳስጠናው፣ ማን እንዳጠናው አልናገርም፤ ጉዳዬ እሱ አይደለም። ግድግዳው ላይ የከዚራ መንገድ ፎቶ ተለቀቀ። ጭር ብሏል። ውሻ እንኳ የለም። ከሥሩ "የንግድ እንቅስቃሴው እጅግ የተዳከመ" ይላል። አጠገቤ የተቀመጡ የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አቦ፣ ተኝተን እኮ ነው!" አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ፎቶ ስለማይለቀኝ ነው። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየከተማው እየተዳረሰ ነው፤ ድሬም ገብቷል። ዛሬ ባይሆን ነገ የከዚራ የውስጥ መንገዶች ተራ መድረሱ አይቀርም። እኔ መታደሱን አልቃወምም። ከዚራ አርጅቷል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ተልጧል፣ የእግረኛ መንገዱ ተሰባብሯል። ልመናዬ ሌላ ነው። ዲዛይን ከመሠራቱ በፊት፣ አንድም በር ላይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ገለልተኛ አማካሪ ቅጠሩ። ገለልተኛ ስል "ይህ አይሆንም" ብሎ መጻፍ የሚችል፣ ከጻፈም በኋላ ክፍያው የማይቀርበት ሰው ማለቴ ነው።

ለድሬ ልጅ ይህ አዲስ ነገር መሆን የለበትም። ከተማችን የተወለደችው "አይሆንም" ከሚል የባለሙያ ቃል ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ይገባል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሐረር የንግዱ እምብርት ናት፤ ሌላ ማን ይታሰባል? ነገር ግን ተራራው አስቸገረ። መውጣቱ ከባድም ውድም ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ፣ ከሜዳው ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 እዚህ ሲደርስ የነበረው አሸዋና እሾህ ነው። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ብለዋት ነበር። ያን ጊዜ መሐንዲሶቹ "ጌቶች እንዳሉት ይሁን" ብለው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ተራራ ላይ ያልቅ ነበር። እኛም ምናልባት አንኖርም።

አሁን ወደ ጣሪያው ልምጣ። ከዚራ ለምን አረጀ ብላችሁ መንገድ ላይ ብትጠይቁ፣ ከአሥር ዘጠኙ "ባቡሩ ስለቆመ" ይላችኋል። ግማሹ እውነት ነው። የድሮው ጣቢያ ዝም ካለ ቆየ። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። በነሐሴ 2014 የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጠናም እዚያው ወዲያ ነው። ቤት የሚሠራው ወደ ሳቢያን ሰፈር ሄደ። ከዚራ እንደ አሮጊት እናት በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ልጆቹን ይጠብቃል።

ሌላው ግማሽ ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነው፤ ስለሱ ማንም አያወራም፣ ምክንያቱም አሰልቺ ነው። እኔ ያለሁበት ቤት የቀበሌ ነው። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የኪራይ ቤቶቹ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የምንለው ጋ ናቸው። ሃምሳ ዓመት አለፈ። ያ የመቶ ብር መስመር ግን ዛሬም ከዚራ ላይ ተሰምሮ አለ። የቀበሌውን ቤት ተከራይ ጣሪያ አሳድስ ብትሉት "ለማን ብዬ?" ይላችኋል። ነገ ውጣ ቢባል ቆርቆሮውን ተሸክሞ አይሄድም። ቀበሌውም ከሚሰበስበው ኪራይ ጣሪያ አይወጣለትም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ዝናቡ ግን የማንንም ልክ መሆን አይጠብቅም።

በዚያ ላይ የምድር ባቡር ቤቶች አሉ። የድሮው ምድር ባቡር የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ነበር። አባዬ እድሜውን ሙሉ የሠራው እዚያ ነው፤ ሲናደድ በፈረንሳይኛ ነበር የሚቆጣን። የእነዚያን ቤቶችና የወርክሾፑን ወረቀት ልከተል የሚል ሰው አዲስ አበባም ጅቡቲም ሳይደርስ አይመለስም። እንግዲህ አንድ መንገድ ላይ ቁሙ። በቀኝ የቀበሌ፣ በግራ የኮርፖሬሽን፣ ማዶ የምድር ባቡር፣ ጥግ ላይ ደግሞ በግል የተያዘ ቤት። አማካሪው ሌላ ምንም ባይሠራ፣ እያንዳንዱ በር የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚኖርበት፣ በምን ውል እንደሚኖርበት የሚያሳይ አንድ ካርታ ቢያወጣ ገንዘባችሁን መልሷል። ይህን ካርታ የሚመርቅ ባለሥልጣን አይኖርም። ሪባንም አይቆረጥበትም። ግን ያለሱ የሚሠራ እድሳት ሁሉ ፊት መቀባት ነው። ቀለሙ ሁለት ክረምት ይቆይ ይሆናል።

ጎረቤቶቻችን አሥመሮች ከተማቸውን በ2009 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው፣ ከጀርባው ሕንፃ በሕንፃ የተደረገ የምዝገባ ሥራ ነበር። የእኛን ከዚራ ሙዚየም አድርጉት አላልኩም። እኔ ሙዚየም ውስጥ ሱቅ መክፈት አልፈልግም። ግን ምን እንዳለን ሳናውቅ ምን እንደምናፈርስ እንዴት እናውቃለን? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ለዚህ በር ከፍቶልናል። የአዲስ አበባው ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ብዙ ሰው ስለ ቤቶቹ ማውራት የጀመረው ካሜራ ይዞ ፍርስራሹ ጋ ሲደርስ ነው። በዚያ ላይ ያለኝ አስተያየት ለጊዜው ይቆየኝ። እኛ ጋ ወሬው ይቅደም ነው የምለው።

ስለ ቀትሩ መለስ ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ነገር አለ።

ድሬ ሙቀቷ በበጋው ማብቂያ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሰው ጠዋት በ2 ሰዓት ይከፍታል፣ በ6 ይዘጋል። ምሳ ይበላል፣ ይተኛል፣ የሚቅም በርጫው ላይ ይቀመጣል። 10 ሰዓት ላይ ከተማው እንደገና ይነጋል። እናቶች ባጂያውን ይጠብሳሉ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ይደረደራል፣ ባጃጁ ይጮኻል። እስከ ምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ሰው ውጭ ነው። በዚህ ሰዓት ከዚራ መጥቶ "የተዳከመ" የሚል ሰው ካለ እኔ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ። ከሌላ ከተማ የመጣ አጥኚ ግን የሚሠራው በራሱ ሰዓት ነው። ከ3 እስከ 11 ይሠራል። ስለዚህ ግማሹን ሕይወታችንን አያየውም። መብራቱን የት እንደሚተክል፣ መኪና የትኛውን መንገድ በስንት ሰዓት እንዳይገባ እንደሚከለክል፣ የጎዳና ሻጮቹን የት እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው ግን በዚያ ባላየው ሰዓት ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ ዛፉ ይብሳል። ከዚራን ከዚራ ያደረገው ሕንፃው ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮቹ መንገዱን ቀጥ አድርገው ሲያሰምሩ ዛፍ ተከሉበት፣ የኋላ ሰዎችም ጨመሩበት። በግንቦት ቀይ አበባ የሚለብሰውን ዛፍ እኮ ሌላው አገር ያለ ሰው "የድሬዳዋ ዛፍ" ብሎ ነው የሚጠራው! ስማችን የተሰጠው ዛፍ ነው። ኒሙም አለ፤ ጥላው ሥር ጫማ ይጠረጋል፣ ስልክ ይጠገናል፣ ጠብ ይታረቃል። አሁን በየከተማው ሲታደስ የማየው ዘንባባ ነው። ዘንባባ ያምራል፣ አልክድም። ጥላው ግን ለአንዲት ድመት አይበቃም። እዚህ አገር አንድ ትልቅ ዛፍ መቁረጥ ማለት ሥሩ ያሉትን ሦስትና አራት መተዳደሪያዎች አብሮ መቁረጥ ነው። አማካሪው ዛፉን ሲቆጥር ሥሩ ማን እንደተቀመጠም ይቁጠር። ይህን የሚያውቅ ሰው ቡድኑ ውስጥ ከሌለ ጨረታውን አታሳልፉት።

ውሃውንም አትርሱ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998። ድሬ ውስጥ ያን ሌሊት ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው የለም። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ተኝቶ የኖረ አሸዋ ነበር፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ከላይ ከተራራው የዘነበው ሁሉ በአንድ ሌሊት ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ዛሬ ዳርና ዳሩ ግንብ ነው። ከዚራ ላይ ውሃ የማያሰርግ ንጣፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስናለብስ ዝናቡ ወዴት ይሂድ? ደቻቱ ማዶ መጋላ ሰፈር ነው፣ ቀፊራ ገበያ ነው። የውሃ ባለሙያ ይህን ጥያቄ በቁጥር ይመልስ። እኔ የምችለው መፍራት ብቻ ነው።

ደግሞም መሐል ከተማ ስንል ከዚራ ብቻ አይደለም። የቀፊራ ገበያተኛ ድልድዩን ተሻግሮ ይመጣል፣ የከዚራው ሰው ለዕቃ ታይዋን የሚባለው ገበያ ይወርዳል። አንዱን አስውቦ ሌላውን መርሳት አይሠራም። በዚህ አላስረዝም።

አሁን ስለ ቅጥሩ። እኔ ሱቅ ነው የምጠብቀው፣ የግዥ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስቀጥርና ስቀጠር ኖሬያለሁ።

ነገሩ የሚበላሸው ቢጋሩ ላይ፣ አማካሪው ምን እንደሚሠራ በሚዘረዝረው ወረቀት ላይ ነው። ቢጋሩ "የከዚራን መንገዶች በማስፋት ዘመናዊ የንግድ ማዕከል ለማድረግ የሚያስችል ጥናት" ካለ መልሱ አብሮ ተጽፏል። አማካሪው የሚቀጠረው ለመመለስ ሳይሆን ለመፈረም ነው። ቢጋሩ "ከዚራ ለምን ተዳከመ? ምን ቢደረግ ይሻላል? ምንም ባይደረግስ ምን ይሆናል?" ይበል። ሦስተኛዋን ጥያቄ አትሰርዟት፣ እባካችሁ። ደግሞ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ቢጋሩን ለጥፉት። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ለጥፉት። ጡረተኞቹ ጠዋት ጋዜጣ የሚያነቡት እዚያ ነው፤ ነጥብ በነጥብ ነው የሚያርሙላችሁ።

ገንዘቡም ነገር አለበት። የአማካሪው ክፍያ ከግንባታው ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብ ከሆነ "ጣሪያውን ብቻ ጠግኑ" የሚል አማካሪ አታገኙም። ሰው ነው፣ ምን ያድርግ? ቁርጥ ያለ ዋጋ ስጡት፣ በየደረጃው ክፈሉት። ያጠናውም ድርጅት ዲዛይኑን አይሥራ፣ ግንባታውንም አይቆጣጠር። ልብስ የሚሰፋው ሰው "ልብስ ያስፈልግሃል ወይ?" ተብሎ አይጠየቅም። ዋጋ ያነሰ ስላቀረበ ብቻም አትስጡት። አንድ ጊዜ እጄ የገባ ጥናት ውስጥ፣ ገጽ መሐል ላይ፣ የሌላ ከተማ ስም ሳይሰረዝ ተረስቶ አግኝቻለሁ። ያ ከተማ ሐይቅ ነበረው። ስለ ሐይቁ ዳርቻ መዝናኛም በሰፊው ተጽፏል። እኛ ደቻቱን ይዘን ሐይቅ ዳር ልንዝናና ነበር።

"የራሳችን መሐንዲሶች እያሉ ለምን ለአማካሪ እንከፍላለን?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው አግባብ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ያሉት ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ዩኒቨርሲቲም አለን። ለዚህ ያለኝ መልስ ችሎታን አይመለከትም። የቢሮ ሰው አለቃውን "ይህ ዕቅድህ ስህተት ነው" ብሎ ጽፎ በማግስቱ አብሮት ሻይ መጠጣት ይከብደዋል። የውጭው ሰው ጽፎ አውቶብሱን ይሳፈራል። በሌላ በኩል የውጭው ሰው ቀትራችንን አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሯቸው። አማካሪው ከውጭ ይምጣ፣ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጋር ይዙር፣ የቢሮው ባለሙያ ፋይሉን ይክፈትለት። ቢያንስ አንድ ዓመት ዙሩን ይይ። ሰኔንም ይቅመስ፣ ታኅሣሥንም ይይ፣ የረመዳንን ምሽትና የገብርኤልንም ንግሥ ይይ። ሁለት ሳምንት ሆቴል አድሮ ከዚራን የሚያውቅ ሰው የለም።

ሲያልቅ ሪፖርቱን ሙሉውን አውጡት። ማጠቃለያውን ብቻ አይሁን፤ ማጠቃለያ ሁልጊዜ ደስ ይላል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይውጣ፣ ድሬ በሦስቱም ትጣላለች ትታረቃለችም። የከተማ ፕላን አዋጁ 574/2000 ሕዝብ በፕላን ላይ እንዲወያይ ያዛል። ውይይቱን ግን ጠዋት በ3 ሰዓት አዳራሽ ውስጥ አታድርጉት። በዚያ ሰዓት የሚመጣው ሥራ የሌለው ወይም አበል የሚከፈለው ነው። ባጂያ የምትጠብሰው ሴትዮ አትመጣም። ማታ በ2 ሰዓት ከዚራ ላይ ወንበር ደርድሩ፣ ካርታውን ግድግዳ ላይ አብሩት። ሰው ይሞላል። ይጮኻልም፤ ድሬ ነው።

አማካሪው መጨረሻ ላይ እኔ የማልወደውን ነገር ሊጽፍ እንደሚችል አውቃለሁ። ምናልባት የእኔ ሱቅ ያለበት ቤት ይፍረስ ይላል። ግድግዳው ስንጥቅ አለበት፤ አባዬ በጋዜጣ ይወትፈው ነበር፣ እኔ በሲሚንቶ እወትፈዋለሁ። ምክንያቱን በወረቀት ካሳየኝ፣ የት እንደምሄድና በምን ውል እንደምመለስ ከነገረኝ፣ እጨቃጨቃለሁ፣ ግን እሰማለሁ። የማልሰማው በቀትር የተነሳ ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው ነው።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ ካላችሁ፣ ወይም አማካሪው ተቀጥሮ ሊያነጋግረኝ ከፈለገ፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ትልቁ ኒም ሥር ነኝ። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ክፍት ነው። ከ10 በኋላ ደግሞ እስከ ምሽቱ 3። ከ6 እስከ 10 ከመጣ በሩን ይቆርቁር፣ እነሣለታለሁ። ምንጣፉ ለሁለት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የከዚራ ነጋዴ፣ የምድር ባቡር ልጅ